የኮሌጅ ቡድን ዓርማና ቀለም ከየት ይመጣል? የጆርጂያው «ጂ» የማን ነው?

ጠያቂው (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በምማርበት ኮሌጅ በየዓመቱ በትምህርት ክፍሎች መካከል የሚደረግ የእግር ኳስ ውድድር አለ፤ ዘንድሮ የክፍላችንን ቡድን ዓርማና የማልያ ቀለም የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቋል። አምና ያሠራነው ሰማያዊ ማልያ ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ፣ አብሮት የተዘፈዘፈውን ነጭ ካልሲ ሁሉ ሰማያዊ አድርጎ ራሱ አመድማ ሆኖ ስለቀረ፣ በዚህ ዓመት ነገሩን ከሥሩ አስበንበት እንድንጀምር ተስማምተናል።

ክርክሩ የተነሣው አንዱ ተከላካያችን የአሜሪካውን የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ዓርማ፣ ማለትም በሞላላ ክብ ውስጥ የተቀመጠውን «ጂ» የተባለ የላቲን ፊደል፣ በስልኩ አሳይቶን «እኛም ጣና ለማለት በዚሁ መልክ ‹ጣ›ን እናድርግ» ባለ ጊዜ ነው። አምበላችን ግን ዓርማው ቀድሞ ግሪን ቤይ ፓከርስ የተባለው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን እንደነበረ ተናግሮ፣ የተሰረቀን መልሶ መስረቅ ነውር ነው ሲል ተቃወመ። ቀለሙን በተመለከተ ደግሞ አብዛኛው «የጣና ልጆች ስለሆንን ሰማያዊ» ይላል፤ እኔ ግን በክረምት እነ ጉማራና ርብ ደለላቸውን ሲያስገቡበት ሐይቁ የሻይ በወተት መልክ ሲይዝ እያየሁ ስላደግሁ ልቤ አልተቀበለውም። ለመሆኑ እነዚያ ኮሌጆች ዓርማቸውንና ቀለማቸውን ያገኙት ትርጉሙን አስበው ነው ወይስ እንዲያው በአጋጣሚ?

መልስ 1 (የቀድሞ የስፖርት መምህር)

ወንድሜ፣ አምበላችሁ ግማሹን በትክክል አውቋል። ከሁሉ በፊት ግን ጨዋታው የእኛ እግር ኳስ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። የአሜሪካን ፉትቦል በሞላላ ኳስ፣ በአብዛኛው በእጅ የሚካሄድ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ሄልሜት (የራስ ቁር) ስለሚያደርጉ ዓርማው በደረት ላይ ሳይሆን በሄልሜቱ ግራና ቀኝ ላይ ይለጠፋል። ከመቀመጫው ርቆ የሚያይ ተመልካች በአንድ ዓይን እይታ እንዲለየው ስለሚፈለግም አንድ ፊደል ወይም አንድ ቀላል ቅርጽ ብቻ ይሆናል።

ወደ «ጂ»ው ስመለስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1961 የፓከርስ አሠልጣኝ ቪንስ ሎምባርዲ የቡድኑን የትጥቅ ኃላፊ ጄራልድ ብሬሸርን ዓርማ እንዲያዘጋጅ ጠየቀው፤ ብሬሸርም ሥራውን ረዳቱ ለነበረውና በሴንት ኖርበርት ኮሌጅ ሥነ ጥበብ ይማር ለነበረው ለጆን ጎርደን ሰጠው። እንግዲህ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ፊደል የሣለው እንዳንተው ተማሪ ነበር ማለት ነው። በ1964 ደግሞ ቪንስ ዱሊ የጆርጂያ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ የቡድኑን ልብስ መለወጥ ፈለገ፤ በቀዩ ሄልሜት ላይ በነጭ ሞላላ ውስጥ ጥቁር «ጂ» እንዲያርፍ ታሰበ፤ ንድፉንም የሠራችው የረዳት አሠልጣኙ ባለቤት አን ዶናልድሰን ነበረች። ነገር ግን የፓከርስን ስለመሰለ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ጆኤል ኢቭስ አስቀድሞ የፓከርስን ፈቃድ ጠይቆ አገኘ። ስለዚህ ጆርጂያን ሌባ ማለት አግባብ አይደለም፤ ለምኖ የተሰጠው ነው። በሉዊዚያና የሚገኘው የግራምብሊንግ ዩኒቨርሲቲም ይህን መሰል «ጂ» በፈቃድ ይጠቀማል።

የእናንተ «ጣ» ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውጪ ናት። ፊደሉ የማንም አይደለም፤ ንብረት የሚሆነው አሣሣሉ ነው፤ በእኛም አገር የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አለ። ይሁን እንጂ «ጂ» ራሱ ክብ ስለሆነ ነው በሞላላ ውስጥ ተመቻችቶ የተቀመጠው፤ እግር ያላትን «ጣ»ን በዚያው ሞላላ ውስጥ ብታጨናንቋት በጠባብ ጀበና ውስጥ የገባች ማንኪያ ትመስላለች። ክቡን ትታችሁ ፊደሏን ብቻ አወፍራችሁ ሣሏት።

ያለውን ነገር ተጠቅሞ ዓርማ ማውጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው አርአያ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሄልሜት ነው። አሠልጣኙ ፍሪትዝ ክሪስለር በ1938 ወደ ሚቺጋን ሲመጣ ለቡድኑ ያዘዘው ሄልሜት በግንባሩ ላይ ክንፍ የመሰለ የቆዳ መደረቢያ ነበረው፤ እርሱም ያንኑ መደረቢያ በቢጫ፣ የቀረውን በሰማያዊ አስቀባው። ከዚያ በፊት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሳለም ይህንኑ አድርጎት ነበር። ዓላማውም ማስዋብ ብቻ ሳይሆን ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ተቀባዩን ከሩቅ እንዲለየው ማድረግ ነበር።

መልስ 2 (ታሪክ አንባቢ፣ ከዘጌ)

መምህር ስለ ዓርማው የጻፉት በቂ ነው፤ እኔ ስለ ቀለሙ ልጨምር። የሐይቅ ዳር ሰው ስለሆንሁ ይመስለኛል፣ ከሁሉ የሚጥመኝ የሃርቫርድ ታሪክ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ቀይ ቀለም የተወለደው በኳስ ሜዳ ሳይሆን በጀልባ ላይ ነውና። በ1858 በቦስተን በተደረገ የቀዘፋ ውድድር፣ ከዳር የቆመው ተመልካች የትኛው ጀልባ የማን እንደሆነ መለየት ስለሚቸግረው፣ ቻርልስ ኤልየትና ቤንጃሚን ክራውኒንሺልድ የተባሉ ቀዛፊዎች ለጓዶቻቸው ቀይ የሐር መሐረብ ገዝተው በራሳቸው ላይ አሠሩላቸው። በእኛም ታንኳዎች ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም ያው ደንገል ናቸው፤ ማን እንደሚቀዝፍ የሚታወቀው በለበሰው ነው። በኋላ ያ ቀይ ከሌላ ቀይ ጋር ሲምታታ ቆይቶ፣ በ1875 ተማሪዎቹ ድምፅ ሰጥተው አሁን ያለውን መረጡ፤ ዩኒቨርሲቲው በይፋ ያጸደቀው ግን በ1910 ነው። ከመሐረቡ እስከ ማኅተሙ 52 ዓመት ማለት ነው።

የመጀመሪያው የኮሌጅ ፉትቦል ግጥሚያ ተብሎ በሚቆጠረው የ1869ኙ የራትገርስና የፕሪንስተን ጨዋታም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ማልያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ከራትገርስ ወገን አንዳንዶቹ ቀይ ጨርቅ እንደ ጥምጥም ጠምጥመው ገቡ፤ 6 ለ 4ም አሸነፉ። ቀዩ የተመረጠበት ምክንያትም ምሥጢር የለውም፤ ቀይ ጥብጣብ በገበያ በቀላሉ ይገኝ ነበር።

ትርጉም ያለው ምርጫ ከፈለጋችሁ የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቱ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ቻርልስ ሙር የተባለ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው በተቆረቆረበት ኮረብታ ላይ ከሚበቅለው የዴዚ አበባ መሐሉን ብርቱካናማ፣ ዳርና ዳሩን ነጭ ወስዶ የኮሌጁ ቀለም እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የፉትቦል ቡድኑ ብርቱካናማ ማልያ የለበሰው ግን በ1922 ነው። ለእኛ አደይ አበባ በደጃችን ሳለች ሰማያዊ ፍለጋ ወደ ሐይቁ መሻገር ለምን አስፈለገ?

መልስ 3 (በማተሚያ ቤት የምትሠራ)

ቢጫን ከማጽደቃችሁ በፊት የቴክሳስን ታሪክ ስሙ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቀለም ብርቱካናማና ነጭ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ ማልያው በታጠበ ቁጥር እየነጣ በውድድሩ ማብቂያ ላይ ቢጫ ይሆን ነበር። በእነሱ አነጋገር ቢጫ የፈሪ ቀለም ስለሆነ ተጋጣሚዎቻቸው «ቢጫ ሆዶች» እያሉ ይሳለቁባቸው ጀመር። አሠልጣኙ ክላይድ ሊትልፊልድ በ1928 ጠቆር ያለ፣ የማይለቅ ብርቱካናማ በትእዛዝ አሠራ። በኋላ የቀለሙ ዋጋ ስለናረ ተተወ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው አሠልጣኝ ዳረል ሮያል በ1962 እስኪመልሰው ድረስ ደማቁን ለብሰዋል። ዛሬ የቴክሳስ ኩራት የሆነው ያ የተቃጠለ ብርቱካናማ የእጥበት ችግር የወለደው ነው። በእኛ ዘንድ ቢጫ የመስከረም ቀለም ስለሆነ በፈሪነት የሚሳለቅባችሁ የለም፤ የእጥበቱ ችግር ግን ያው ነው።

አምና የለቀቀባችሁ ማልያ ሳይሆን አይቀርም ጥጥ የበዛበት፣ ቀለሙም ጨርቁ ውስጥ ሳይጸና የቀረ ነው። ዓርማና ቁጥሩን በሰብሊሜሽን (በሙቀት ቀለምን ወደ ጨርቅ በሚያስገባ ኅትመት) ለማሳተም ካሰባችሁ ጨርቁ ፖሊስተር፣ መደቡም ነጭ ወይም በጣም የፈዘዘ መሆን አለበት፤ ቀለሙ በሙቀት ተንኖ የሚገባው ፖሊስተር ውስጥ ነው፣ በጥጥ ላይ አይያዝም፣ በጥቁር መደብ ላይም አይታይም። መደቡ ጠቆር ያለ ከሆነ በሂት ፕሬስ (በጋለ መጫኛ) የሚለጠፍ ቪኒል የተባለ ስስ ፕላስቲክ ይሻላል፤ ሆኖም ማልያውን ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ካላጠባችሁት ጠርዙ ይላጣል። ንድፉንም ከስልክ የተነሣ ፎቶ አድርጋችሁ አታምጡ፤ በቬክተር፣ ማለትም ቢያሳድጉት በማይደበዝዝ የኮምፒውተር ሥዕል፣ ይሁን።

ጠያቂው

መምህርም፣ የዘጌው ወንድማችንም፣ እኅቴም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለአምበሉ የ1964ቱን ፈቃድ ነግሬው ስርቆት የሚለውን ቃል አንሥቷል፤ ሞላላውን ግን ሁላችንም ትተነዋል። ነጭ መደብ ላይ የአደይ አበባ ቢጫ «ጣ» በጥቁር ጠርዝ ይሁን የሚለው ሐሳብ ለጊዜው አብላጫ ድምፅ አግኝቷል። ከሁለት ማተሚያ ቤቶች አንዳንድ ናሙና አሠርተን ከነጭ ካልሲ ጋር በአንድ ሳፋ ዘፍዝፈናቸዋል፤ ሦስተኛው እጥበት ቅዳሜ ነው።