ከስድስቱ ቡድኖች አንዱ ዛሬ ማታ ቀረብን፤ የነገውን መርሐ ግብር እንዴት እናስተካክል?

የአራት ኪሎዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አዳራሽ የምናካሂደው የሆኪ ውድድር ሊበላሽብን ነውና እባካችሁ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ። ስድስቱን ቡድኖች ሦስት ሦስት አድርገን በሁለት ምድብ ከፍለን፣ ከየምድቡ ሁለቱ ወደ ግማሽ ፍጻሜ እንዲያልፉ ዕጣ አውጥተን ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ግን አንዱ ቡድን እንደማይመጣ ደውሎ ነገረን። በዚያ ምድብ የቀሩት ሁለቱ ያለ ውጤት ማለፋቸው ስለሆነ የሌላው ምድብ አምበሎች ተቆጥተዋል። በአዳራሹ በር ላይ በፕላስተር የለጠፍኩትን ወረቀት አንሥቼ ዕጣውን እንደገና ላውጣ?

ባለ ፉጨቱ፦ እህቴ፣ ሜዳው ስንት ነው? አዳራሹስ እስከ ስንት ሰዓት ተፈቅዶላችኋል? ይህን ሳናውቅ ብንመልስ እናሳስትዎታለን።

የአራት ኪሎዋ፦ ይቅርታ፣ በችኮላ ዘለልኩት። ሜዳው አንድ ነው፤ በባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማ በሲሚንቶ ወለል ላይ በአራት ተጫዋችና በአንድ በረኛ እንጫወታለን። አዳራሹ ከ3 እስከ 9 ሰዓት የእኛ ነው።

የቀድሞ መምህር፦ ከሁሉ በፊት የጨዋታው ሥርዓት ይከበር። ሆኪ በአዳራሽ ውስጥ በተደራጀ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1875 በሞንትሪያል ቪክቶሪያ የበረዶ ሜዳ፣ በየወገኑ ዘጠኝ ተጫዋች ተሰልፎ ነው። ዛሬ ግን በበረዶ ላይ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ሆነው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ይጫወታሉ፤ እናንተም ሦስቱን ክፍለ ጊዜ ልትጠብቁ ይገባል።

የካዛንቺሱ በረኛ፦ ዕጣውን እንደገና አውጡ።

ፒያሳ፦ እኔ ቅሬታው ራሱ ልክ አይመስለኝም። የቀረው ቡድን በፎርፌ ተሸናፊ ይባላል እንጂ የተገኙት ሁለቱ ምን አጠፉ? በሌላው ቡድን መቅረት እነርሱ ሊወቀሱ አይገባም።

የሰንጠረዥ ሰው፦ ማንም አልተወቀሰም፤ ችግሩ ምድቦቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። ምድቡን ተዉትና አምስቱም እርስ በርስ ይጋጠሙ፤ አሥር ጨዋታ ይሆናል። ቡድኖቹን ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጥታችሁ በዚህ ቅደም ተከተል አጫውቱ፦ 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ 1 ከ5፣ 2 ከ3፣ 4 ከ5፣ 1 ከ3፣ 2 ከ4፣ 3 ከ5፣ 1 ከ4፣ 2 ከ5። ማንም ቡድን ሁለት ጨዋታ በተከታታይ አይጫወትም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን ይህ ዕረፍት ቀላል ነገር አይደለም። ሰዓቱ ሳይቆም ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በመሐል 2 ደቂቃ፣ ለመግቢያና ለመውጫ 5 ደቂቃ ብትይዙ አንዱ ጨዋታ 27 ደቂቃ ይፈጃል። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የሚገናኙበትን ፍጻሜ ጨምሮ 297 ደቂቃ ነው፤ ካላችሁ 360 ደቂቃ 63ቱ ይተርፋል። መምህር ያሉት የሦስት ክፍለ ጊዜ አከፋፈል ዕረፍቶቹ በረዶውን በመኪና ለማደስ ይጠቅማሉ፤ ሲሚንቶ ግን ይህን አይፈልግም።

የካዛንቺሱ በረኛ፦ ዕጣ ብታወጡ ይሻላል፤ አምበሎቹ በተገኙበት ይሁን።

የሰንጠረዥ ሰው፦ ማን የትኛውን ቁጥር እንደሚይዝ ለመወሰን ከሆነ እስማማለሁ፤ ጠዋት ከመጀመሩ በፊት በፊታቸው ይውጣ።

የአራት ኪሎዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን እየጻፍኩት ነው። ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ቢሆኑስ?

ባለ ፉጨቱ፦ የዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን በመደበኛ ሰዓት ላሸነፈ 3፣ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ላሸነፈ 2፣ በዚያው ለተሸነፈ 1 ነጥብ ይሰጣል። እናንተ አቻ ስትወጡ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ሂዱ፤ ያ የተረፈው ደቂቃ ለዚህ ይሆናል። ነጥባቸው እኩል ከሆነ መጀመሪያ እርስ በርስ ሲገናኙ ያሸነፈው ይቅደም። ይህንንም በዚያው ወረቀት ላይ አሁኑኑ ጻፉት፤ ከጨዋታ በኋላ የሚነገር ደንብ ጠብ ያመጣል።

ፒያሳ፦ ውድድሩ ትናንት አልቋል መሰለኝ። እንዴት ሆነ?