ማዳጋስካርን ለኬጂ ልጆች በምን ላስተምር?

ሚስ ኬጂ 2፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምራቸው ልጆች አምስት ዓመት ገደማ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ርዕሳችን «ደሴት» ነው። አብዛኞቹ እንስሳቷ ሌላ ቦታ ስለማይገኙ ማዳጋስካርን መርጫለሁ። ችግሩ፣ ሥዕል ለጥፌ ሳወራ አሥር ደቂቃ እንኳ አይቆዩልኝም። ባሕር አይተው ስለማያውቁ ደሴት የሚባለው ነገር ራሱ አይገባቸውም። በእጃቸው የሚሠሩት፣ ወጪ የማይበዛበት ሐሳብ ካላችሁ ወዲህ በሉ። ለጊዜው ያሰብኩት እስስት ከወረቀት ቆርጠን፣ ከጀርባዋ ባለቀለም ላስቲክ እያንሸራተትን ቀለሟን እንድትቀያይር ማድረግ ነው። እንዴት ነው?

ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር፦
ልጄ፣ ከእንስሳቱ በፊት ውሃው ይቅደም። ሰፊ ሳፋ ውሃ ሙዪ። በአንዱ ጫፍ ትልቅ ድንጋይ አስቀምጪ፣ አፍሪካ ነው። በሌላው ጫፍ አነስ ያለ ድንጋይ፣ ማዳጋስካር ናት። በመካከላቸው ያለው የሞዛምቢክ ባሕር በጠባቡ ቦታ እንኳ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ ልጅ ሰፋ ያለ ቅጠል ስጪ። ቅጠሉ ጎርፍ ገንድሶ ባሕር የከተተው ዛፍ ነው በያቸው። ላዩ ላይ አንድ ባቄላ ያስቀምጡና እፍ እያሉ ያሻግሩት። ቀጥሎ በባቄላው ፈንታ ጠጠር ያድርጉ፣ እሱ ዝሆን ነው። ቅጠሉ ገና ከመነሻው ይሰምጣል። ያኔ ማን ሊሻገር እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል ሳትነግሪያቸው ይገባቸዋል።

ሳይንቲስቶች የሌሙር፣ ማለትም የጦጣ ዘመድ የሆነው የማዳጋስካር እንስሳ፣ ቅድመ አያቶች እንዲህ ባለ ተንሳፋፊ ዛፍ ላይ ከአፍሪካ እንደተሻገሩ ያስባሉ። ይህ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። እዚያ ብቻቸውን ተራብተው ዛሬ ከ100 በላይ ዓይነት ሆነዋል። በነገራችን ላይ ማዳጋስካር ጫካ ውስጥ አንበሳም፣ ዝሆንም፣ ቀጭኔም፣ ጦጣም የለም። «ማዳጋስካር» የሚባለውን ካርቱን ያዩ ልጆች ይከራከሩሻል፣ ተዘጋጂ።

የመንትዮች እናት፦
የጋሼ ሐሳብ ደስ ይላል፤ ግን ባቄላውን ቆጥረሽ ስጪ፣ ቆጥረሽ ሰብስቢ። በዚህ ዕድሜ አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል።

እኔ የምመክርሽ አይ-አይን ነው። የሌሊት ሌሙር ነው። ጆሮው ትልልቅ፣ የመሃል ጣቱ ደግሞ እንደ ስንጥር የቀጠነ። በዚያ ጣት ግንዱን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ያዳምጣል። ከውስጥ ትል የቦረቦረውን ቦታ በድምፁ ሲለይ እንጨቱን በጥርሱ ይበሳል፣ ያንኑ ቀጭን ጣት ሰዶ ትሉን ይጎትታል።

የሶፍት ካርቶን ቱቦ ሰብስቢ። ግማሾቹን በጨርቅ ጠቅጥቂ። በሌሎቹ ውስጥ ከወፍራም ክር የተሠራ ትል ብቻ ክተቺ። የሁሉንም አፍ በወረቀት ዝጊ። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ ጣት እያንኳኩ ትል ያለበትን ይፈልጉ። ባዶው ድምፁ ክፍት ነው፣ የተጠቀጠቀው የታፈነ። ሲያገኙት ወረቀቱን ቀደው፣ ጫፉ ላይ ስኮች በተገለበጠበት የጁስ ስትሮ ትሉን ያውጡ። የእኔዎቹ ይህን ሠርተው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያንኳኩ ዋሉ፤ ጎረቤት ካለሽ አስቢበት።

እንሽላሊት ወዳጅ፦
የላስቲኩን እስስት ብትተዪው እመርጣለሁ። ቆንጆ ነው፣ ግን የሚያስተምረው ስህተት ነው። እስስት ከኋላዋ ያለውን ቀለም ሁሉ አትገለብጥም። ቀለሟ የሚለዋወጠው በአብዛኛው በስሜቷ፣ በሙቀትና በብርድ፣ ከሌላ እስስት ጋርም ስትገናኝ ነው። በልጅነት የገባ ነገር ደግሞ ቶሎ አይወጣም።

በምትኩ ወረቀቷን በሁለት ገጽ ቀቢያት። ለምሳሌ ማዳጋስካር ውስጥ ፓንተር የሚባል እስስት አለ። ወንዱ ተረጋግቶ ሲቀመጥ አረንጓዴ የሆነው፣ ሌላ ወንድ ሲያይ ወደ ቢጫና ቀይ ይደምቃል። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቁሙና «ሌላ ወንድ መጣ!» ስትዪ ወረቀቱን ይገልብጡ።

ለምላሷ የልደት ፊሽካ ግዢ፣ ሲነፋ የሚዘረጋውን። ጫፉ ላይ ስኮች አድርገሽ የወረቀት ዝንብ ይያዙበት። ለየልጁ የራሱ ይሁን፣ ጉንፋን ትዘሪያለሽ። ከዓለም የእስስት ዓይነቶች ግማሽ ያህሉ ያሉት እዚያ ስለሆነ እስስት ሳይነሳ ማዳጋስካር አያልቅም።

ሚስ ኬጂ 2፦
ላስቲኩ ቀርቷል! አንድ ጥያቄ ግን፤ ልጆቹ ሃያ አምስት ናቸው፣ ሳፋው አንድ። ተራ ሲጠብቁ ይጣላሉ።

የመንትዮች እናት፦
ሳፋው ጋ አምስት አምስት ይሁኑ። የቀሩት ግቢ ውስጥ እንደ ሲፋካ ይዝለሉ። ሲፋካ የሚባለው ሌሙር መሬት ላይ ሲወርድ እጁን ዘርግቶ በሁለት እግሩ በጎን እየዘለለ ነው የሚሄደው። ጉልበታቸውን ይጨርሱልሻል።

ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር፦
ለዝናብ ቀን ደግሞ ሽታ ጨምሪ። ጭራው ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለበት ሌሙር አለ። ወንዶቹ ሲጣሉ ከእጃቸው አንጓ የሚወጣውን ሽታ ጭራቸው ላይ አሽተው እርስ በርስ ያራግቡበታል። አሮጌ ካልሲ በጋዜጣ ሞልታችሁ ጭራ ሥሩ። አንዱ ላይ ቡና፣ ሌላው ላይ የሎሚ ልጣጭ፣ ሌላው ላይ ጤና አዳም እሹ። በጨፈኑበት የማን ጭራ እንደሆነ ይለዩ። በርበሬ ግን እንዳይገባ፣ ዓይናቸውን ያሻሉ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሺው። ሰኞ ሳፋው ብቻ ይበቃል።