የዶክተር ኤቫንስ ስም ከተራራው ላይ መነሳት ነበረበት?

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ (አሜሪካ)፦ ጠዋት ከበረንዳዬ ሆኜ የማየው ተራራ ማውንት ኤቫንስ ነበር የሚባለው። 4,348 ሜትር ነው። በ2023 (በፈረንጅ) ስሙ ማውንት ብሉ ስካይ ሆነ። እኔ አልደገፍኩም። ጆን ኤቫንስ ሐኪም ነው። ኢንዲያና ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቆም ታግሏል። የኖርዝዌስተርንም የዴንቨርም ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት እጁ አለበት። ሊንከን በ1862 የኮሎራዶ ገዥ አድርጎ ሾመው። ወታደሮች ነባር ሕዝቦችን የፈጁበት የሳንድ ክሪክ ጭፍጨፋ ሲፈጸም ግን በቦታው አልነበረም።

ከዴንቨር፦ ወንድሜ፣ እሱ ባይኖርም ፊርማው ነበር። በጁን 1864 ሰላም የሚፈልጉ ነባር ሕዝቦች ወደ ጦር ሰፈር ይጠጉ ብሎ አወጀ። ኦገስት 11 ደግሞ ማንኛውም ዜጋ ጠላት የሆኑትን እያሳደደ እንዲገድል፣ የማረከውንም ንብረት እንዲወስድ ፈቀደ። ወዳጆቹን አትንኩ ይላል፤ መለየቱን ግን የተወው ጠመንጃ ለያዘ ሁሉ ነው። በሴፕቴምበር የሻያኑ መሪ ብላክ ኬትል ዴንቨር ድረስ መጥቶ ሰላም ጠየቀው። ኤቫንስ ጉዳዩን ወደ ወታደሮቹ መራው። ኖቬምበር 29 ማለዳ ሳንድ ክሪክ ላይ ብላክ ኬትል ከድንኳኑ በላይ የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅሎ፣ ነጭ ጨርቅም ጨምሮበት ነበር። የኮሎኔል ቺቪንግተን ወታደሮች ተኮሱ። ወደ 230 ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንት ናቸው።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ ነርስ ነኝ፤ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይሄ ሰውዬ በ1849 ኮሌራ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ኳራንቲን ይደረግ ብሎ የጻፈ ነው። አንድ ክፉ ነገር ከተለቀቀ በኋላ እንዴት እንደሚዛመት ከሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ታዲያ ያንን አዋጅ እንዴት ፈረመ?

ከአውሮራ፦ እቴ፣ በ1865 እኮ ከሥልጣን ተነስቷል። ኖርዝዌስተርን በ2014 ያወጣው ጥናትም ጭፍጨፋውን ማቀዱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ከዴንቨር፦ ያው ጥናት እኮ ሁኔታውን ካመቻቹት አንዱ ነው ይላል። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲውማ ተጠያቂ ነው ብሎታል። እኔ ሐሳቤን የቆረጥኩት ግን በሌላ ነገር ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ሲጠየቅ፣ ጭፍጨፋው ለኮሎራዶ በጣም ጠቅሟታል ነበር መልሱ። ጸጸት የለም!

ከአውሮራ፦ እሱን አልከላከልለትም። ግን በስሙ የተሰየመችው ኤቫንስተን ከተማስ? እሷም ስሟ ይቀየር?

ከዴንቨር፦ እሱን የከተማዋ ሰው ይምከርበት። እዚህ ግን ብሉ ስካይ ይባል ያሉት የሻያንና የአራፓሆ ሰዎች ናቸው። አራፓሆዎች የሰማያዊ ሰማይ ሕዝብ ተብለው ይታወቃሉ። ነገ ጠዋት በረንዳህ ላይ ስትወጣ በዚያ ስም ጥራው።