ድመታችን አራብሳ ላይ ጠፋችብን፣ ከየት ጀምረን እንፈልጋት?

ጠያቂ (ቦሌ አራብሳ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እርዱን። በቅርቡ ከገርጂ ወደ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ቤት ቀይረን ነበር። ዕቃ አውራጆቹ ፍሪጁን ሲያስገቡ በሩ ክፍት ሆኖ ቆየ፣ ድመታችን በዚያው ወጥታ ደረጃውን ስትወርድ ታየች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ስሟ ነብሪት ነው። ግራጫ ላይ ጥቁር ዥንጉርጉር ናት፣ ደረቷና አራቱም እግሮቿ ነጭ ናቸው፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ትንሽ ተቆርጧል። ያደገችው ቤት ውስጥ ነው። ገርጂ እያለን ከግቢው ወጥታ አታውቅም።

ቀን ቀን ብሎኩን እየዞርን ስሟን ጠራን፣ ጥበቃዎቹን ጠየቅን፣ ሱቅ ላይ ነገርን፣ ምንም የለም። እናቴ እህል አልወርድ ብሏታል። አባቴ ካረፈ በኋላ ማታ ማታ እግሯ ሥር የምትተኛው ነብሪት ነበረች። አንዳንድ ሰው ደግሞ «ጅብ በልቷት ይሆናል፣ ሌላ አምጡ» ሲላት ይብስባታል። እኛ ሌላ ድመት አይደለም የምንፈልገው፣ እሷን ነው። ምን እናድርግ?

የጣፎዋ፦

እህቴ አይዞሽ። እኛም ለገጣፎ እንደገባን ድመታችን እንደዚሁ ጠፍቶብን አግኝተነዋል፣ ስለዚህ የሠራልንን ልንገርሽ።

ቤት ውስጥ ያደገች ድመት የማታውቀው ሰፈር ላይ ስትወጣ ሩቅ አትሄድም። መጀመሪያ ያገኘችው ጠባብ ቦታ ትገባና ድምፅዋን ታጠፋለች። አጠገቧ ቆመሽ ብትጠሪያት እንኳን ዝም ልትልሽ ትችላለች፤ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ሰፈሩን ሁሉ ከምትዞሩ መጀመሪያ የራሳችሁን ብሎክ ጨርሱ። ደረጃ ሥር፣ የውሃ ታንከሮቹ መሃል፣ ኮሙናሉ ውስጥ፣ ሰው ያልገባባቸው ቤቶች በረንዳ ላይ፣ ቤት የሚያስጨርሱ ሰዎች የከመሩት የሴራሚክ ካርቶንና የአሸዋ ጆንያ ኋላ። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ቆሞ ማየት አይበቃም። ጎረቤቶቻችሁንም «አይታችኋል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ዕቃ ቤታቸውን ከፍተው አብረዋችሁ እንዲያዩ ለምኗቸው፣ ምክንያቱም ሰው ሳያውቅ ቆልፎባት ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ ደግሞ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ያለው ነው። መኪናም ሰውም ውሻም ጋብ ሲል እሷም አንገቷን ታወጣለች። የስልክ መብራት አይበቃም፣ ጠንከር ያለ የእጅ ባትሪ ያዙ። ባትሪውን ደረትሽ ላይ ሳይሆን ዓይንሽ አጠገብ አድርገሽ ጨለማውን ቀስ እያልሽ ጥረጊው። ድመት ካለች ዓይኗ መልሶ ያበራል፣ አረንጓዴ የሚመስሉ ሁለት ነጥቦች ታያለሽ። እኛም በዚህ ነው ያገኘነው፣ የጎረቤት ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮ ክምር ሥር። ብቻሽን ግን እንዳትወጪ፤ ለጥበቃዎቹ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ አንዱ አብሮሽ ቢዞር ጥሩ ነው።

ወንድማችሁ ከኮዬ ፈጬ፦

የሰፈሩን ልጆች ያዟቸው! ትልቅ ሰው የማያየውን ቀዳዳ ሁሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፎቶዋን አሳዩአቸው፣ ግን እንዳያባርሯትና እንዳይዟት አስጠንቅቋቸው። «ካያችኋት አንዳችሁ እዚያው ቁሙ፣ አንዳችሁ ሮጣችሁ ንገሩን» በሏቸው። መኪና ያላቸውን ጎረቤቶችም ጠዋት ሳያስነሱ በፊት ኮፈኑን እንዲመቱ ንገሯቸው፤ ድመት ማታ ሙቀት ፈልጋ ሞተር ውስጥ ትገባለች።

የእንስሳት ሐኪም፦

የተባለው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ፣ ድመት የጠፋባቸውን ከ1,200 በላይ ሰዎች ጠይቆ የተሠራ። ከተገኙት ድመቶች 75 በመቶ ያህሉ የተገኙት ከወጡበት ቦታ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ የሚኖሩት ደግሞ ከዚያም ይቀርባሉ። የበለጠ የጠቀመውም ራስ ወጥቶ መፈለግ ነው። በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የተገኙት ግን ከጠፉት ድመቶች ሁሉ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ሳምንት አለፈ ብላችሁ ፍለጋውን እንዳትተዉት።

ምግብን በተመለከተ፣ ጠንካራ ሽታ ያለው ነገር ይሻላል። ሰርዲን ወይም ቱና ቆርቆሮ ክፈቱ፣ ወይም ጉበት ጠበስ አድርጉ። በወጣችበት በር አቅራቢያ ማታ አስቀምጡና ከሩቅ ጠብቁ፤ አስቀምጣችሁ ከገባችሁ የሰፈሩ ድመትና ውሻ ይበላዋል፣ እሷንም ያባርሯታል። እናታችሁ የሚለብሱትን ያልታጠበ ጋቢ ወይም ነጠላ አጠገቡ ብታደርጉ ጥሩ ነው። የምታውቀው ጠረን ያረጋጋታል።

አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። አዲስ ሰፈር ላይ የአይጥ መርዝ የሚበትን ሰው ብዙ ነው። ስትገኝ ካስመለሳት፣ ድዷ ከደማ ወይም ከተዝለፈለፈች ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው የሚባለውን አትመኑት፣ ጊዜ ያባክናል። ወፍራም ድመት ከሆነች ደግሞ ለቀናት ሳትበላ መቆየቷ ራሱ ጉበቷን ይጎዳል።

የሰሚቷ እናት፦

ልጄ፣ እናትሽን አጽናኚልኝ። የምን ሌላ አምጡ ነው፣ የቤት ልጅ እኮ ናት። እኔ የምለው፣ ገርጂስ ሰው ልካችኋል? ድመት ሰው ሳይሆን ቤት ነው የምትለምደው ይባላል፣ የድሮ ቤቷን ፍለጋ የምትሄድም አለች። አራብሳና ገርጂ ሩቅ ነው፣ ግን የገባው ተከራይ ስልካችሁን ቢይዝ ምን ይጎዳል? በሩ ላይ መጥታ ከጮኸች ማንም አያውቃትም፣ በድንጋይ ነው የሚያባርሯት።

ከየካ አባዶ፦

ስለ ጅቡ። እኛም ጋ ሌሊት ይሰማል፣ የሚመጣው ለቆሻሻና ለእርድ ትራፊ ነው። ድመት ከፍ ያለ ነገር ላይ ትወጣለች፣ ጅብ የማይገባበት ቀዳዳም ትገባለች። እኔን የሚያስፈራኝ በመንጋ የሚሄዱት የሰፈር ውሾች ናቸው፣ ለዚህም ነው ከሥር ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም እዩ የምለው። ጣሪያ፣ ዛፍ፣ ያላለቀ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ። ወጥታ መውረድ የፈራች ድመት እዚያው ትቀራለች። ለእናትሽ ጅብ ጅብ የሚሏትን ሰዎች ግን እባክሽ አስቁሚያቸው።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እያነበብኩላት እናቴ መረቀቻችሁ። ገርጂ ደውለን ነገርን። ሱቁና የብሎኩ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍን፣ የብሎኩ ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ፎቶዋን ለቀቅን። አሁን አንድ ሰውዬ ደውሎ «ድመታችሁ እኔ ጋ ናት፣ ሲኤምሲ ነው ያለሁት፣ ለትራንስፖርት ብር ቅድሚያ ላኩልኝና ላምጣት» ይላል። ፎቶ ላክ ስንለው ስልኬ ካሜራ የለውም አለ። እናቴ ላኪለት ላኪለት እያለችኝ ነው። ምን ትላላችሁ?

ከቱሉ ዲምቱ፦

እንዳትልኪ! ዕቃ የጠፋበት፣ ሰው የጠፋበት፣ ሁሉም ላይ ይሄንኑ ነው የሚሠሩት። ማስታወቂያው ላይ ያልጻፍሽው ምልክት ካለ እሱን ጠይቂው። በእውነት ድመቷ እሱ ጋ ከሆነች ዓይኑ እያየ ይመልስልሻል። ከእንግዲህም አንድ ምልክት ሁልጊዜ ለራሳችሁ አስቀሩ። ወሮታ እንከፍላለን ማለት ጥሩ ነው፣ መጠኑን ግን አትጻፉ፣ ክፍያውም ድመቷ እጃችሁ ስትገባ ነው። ማየትም ከሆነ ሁለት ሆናችሁ በቀን ሂዱ።

ጠያቂ፦

የጭራዋ ጫፍ ምን ዓይነት ነው አልኩት። ነጭ ነው አለኝ። ነጭ አይደለም። «እርግጠኛ ነህ?» ስለው ዘጋው።

ግን ሌላ ነገር አለ። ትናንት ሌሊት ከታናሽ ወንድሜና ከጥበቃው ጋር በባትሪ እየዞርን ከኛ ቀጥሎ ያለው ብሎክ ምድር ቤት አንድ ባዶ ቤት ጋ ስንደርስ ድምፅ ሰማን። ቀጭን፣ አንዴ ብቻ። በሩ ተቆልፏል፣ የኋላው መስኮት ግን መስታወት የለውም። በባትሪ ስናይ የተጠቀለለ ምንጣፍና በር የሚመስሉ እንጨቶች ተደግፈዋል፣ ከኋላቸው ዓይን አበራ። እሷ ትሁን ሌላ ድመት አላወቅንም። ወንድሜ በመስኮት ልግባ ሲል ጥበቃው የሰው ቤት ነው ብሎ ከለከለው። ስንጠራት ወደ ውስጥ ሸሸች።

የጣፎዋ፦

እልልል! ጥበቃው ልክ ነው፣ በመስኮት እንዳትገቡ። የብሎኩ ኮሚቴ ጋ ሂዱ፣ የባለቤቱ ስልክ አያጣቸውም። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ወይም ሰው ልኮ ይክፈትላችሁ።

ሲከፈት ሰው አይብዛ። እናትሽ ትግባ፣ ሌላው ውጭ ይቆይ። መስኮቱን በካርቶን ድፈኑት፣ በሩን ዝጉት። ከዚያ እናትሽ መሬት ላይ ትቀመጥ፣ ዓይን ዓይኗን አታፍጥጥባት፣ እቤት ምግብ ስትሰጣት በምታወራት ድምፅ ታውራት። የምትበላበትን ሳህን ይዛ ብትገባና ብታንኳኳው ደግሞ የበለጠ። ሰዓት ይፈጃል፣ እንዳትቸኩሉ። እንጨቱን ከላይዋ ላይ አታንሱባት፣ ከደነገጠች ታመልጣለች።

ወንድማችሁ ከኮዬ ፈጬ፦

ወፍራም ብርድ ልብስና ክዳን ያለው ቅርጫት ይዛችሁ ግቡ። ጆንያ አይሁን፣ ትታፈናለች። በእጅ ታቅፎ ደረጃ መውጣት አይታሰብም፣ እቤት በር ላይ ሆና እንኳን ታመልጣለች።

ጠያቂ፦

ተገኘች!!! ነብሪት ናት!

ባለቤቱ እግዜር ይስጠው ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ከፈተልን። እናቴ ሳህኑን ይዛ ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ዝም። ሰርዲኑን ስትከፍተው አፍንጫዋ ከምንጣፉ ጥቅልል ጫፍ ብቅ አለ፣ ከዚያ አንድ ነጭ እግር፣ አቧራ መስሎ። እናቴ «ነይ እንጂ እናቴ፣ ነይ በቃ» ስትላት በሆዷ እየተሳበች መጥታ ጭኗ ሥር ገባች። እኔ በበሩ ቀዳዳ እያየሁ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ከስታለች ግን ደህና ናት።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ቅርጫት ውስጥ ስናስገባት ደንግጣ ወንድሜን አውራ ጣቱ ሥር ነከሰችው። ትንሽ ነው፣ ሁለት ቀዳዳ፣ ብዙም አልደማም። አልኮል አድርገንበታል። ይበቃል?

የእንስሳት ሐኪም፦

በጣም ደስ ብሎኛል። ግን አይበቃም፣ ይህን አሁኑኑ አድርጉ። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፣ ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቡና፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት እንዳታደርጉበት። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ከላይ ይደፈንና ውስጡ ያመረቅዛል። ዋናው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ድመትም ያስተላልፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። ነብሪት ከዚህ በፊት ካልተከተበችና ውጭ ከማን ጋር እንደተገናኘች ካልታወቀ፣ ይህንኑ በግልጽ ንገሯቸው። የቴታነስ ክትባትም ጠይቁ። ጤና ጣቢያው ክትባቱ ከሌለው የት እንዳለ ይመሯችኋል፤ ድሮ ፓስተር የምንለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ለዚህ የታወቀ ነው።

ነብሪትን ለ10 ቀን ከዓይናችሁ አትለዩአት። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነች በነከሰችው ጊዜ በሽታውን አታስተላልፍም ነበር ማለት ነው፣ ያኔ ሐኪሙ የቀረውን ክትባት ሊያስቆም ይችላል። የወንድምሽን ክትባት ለመጀመር ግን ያንን ቀን አትጠብቁ።

ለእሷ ዛሬ ውሃና ለስላሳ ምግብ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ስጧት፣ ወተት ይቅር፣ ያስቀምጣታል። አንድ ክፍል ውስጥ አሸዋዋንና ጋቢውን አድርጋችሁ ለሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩአት፣ ቤቱን እስክትለምደው። 10 ቀኑ ሲያልቅ አስከትቧት።

ጠያቂ፦

እሺ ዶክተር። አጥቦት ጨርሷል፣ አሁን ከጥበቃው ጋር ጤና ጣቢያ እየሄዱ ነው። ማስታወቂያዎቹን ነገ ጠዋት አነሳለሁ፣ ለሱቁም እነግራለሁ። ለልጆቹ ደግሞ እናቴ ድፎ ዳቦ ልትደፋላቸው ነው።