የቅርጫት ኳስ ፈጣሪ ካንሳስን ሲያሰለጥን ከማሸነፉ መሸነፉ ይበዛል የሚባለው እውነት ነው?

ማህሌት

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ አሜሪካ፣ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ሎውረንስ የምትባለው ከተማ ነው ያለው። ከሄደ ጀምሮ በደወለ ቁጥር ወሬው ቅርጫት ኳስ ብቻ ሆኗል። ድሮ እኮ ኳስ የሚባል ነገር አይወድም ነበር! ባለፈው እሁድ ምን አለኝ፦ "ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ሰውዬ እዚህ አሰልጣኝ ነበር። በቡድኑ ታሪክ ከማሸነፉ መሸነፉ የበዛ አሰልጣኝ ግን እሱ ብቻ ነው።" የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁበት። እውነት ነው እንዴ? ከሆነስ ቡድኑ የሚጫወትበት አዳራሽ በሌላ ሰው ስም የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሎውረንስ 2008

ማህሌት፣ ወንድምሽ አላሾፈም። ደውይና ይቅርታ ጠይቂው።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጄምስ ኔይስሚዝ ጨዋታውን የፈጠረው በ1891 መጨረሻ፣ ማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ነው። ካንሳስ የመጣው በ1898 ነው። የተቀጠረው ግን ለቅርጫት ኳስ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲውን ጸሎት ቤት እንዲመራና ስፖርት እንዲያስተምር ነው። በዚያ ላይ ሐኪም ነው። ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን በ1899 ከካንሳስ ሲቲ ወወክማ ጋር ገጥሞ 16 ለ 5 ተሸነፈ። ኔይስሚዝ እስከ 1907 ቆየ። 55 ጊዜ አሸነፈ፣ 60 ጊዜ ተሸነፈ። ከእሱ በኋላ የመጡት አሰልጣኞች በሙሉ ያሸነፉት ይበልጣል።

ይሄን የሚሰማ ሰው "ታዲያ ምኑን ፈጠረው?" ይላል። እሱ ግን ጨዋታውን የሚያየው ሰውነት እንደሚያጠነክር፣ ጠባይ እንደሚገራ ነገር ነው። ፎግ አለን የሚባለው ተማሪው አሰልጣኝ ልሆን ነው ሲለው "ቅርጫት ኳስ ይጫወቱታል እንጂ አያሰለጥኑትም" አለው ይባላል። በ1907 ቦታውን የተረከበው ያው ተማሪ ነው።

አዳራሹ የተሰየመው በዚህ በአለን ነው። እውነተኛ ስሙ ፎረስት ነው። ፎግ ያሉት ድምፁ በጭጋግ ጊዜ ከሚነፋ የመርከብ ጥሩንባ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሁለት ዓመት ሠርቶ ለቀቀ፤ በ1919 ተመልሶ እስከ 1956 ቆየ። ካንሳስን ይዞ 590 ጨዋታ አሸንፏል። አለን ፊልድሃውስ በመጋቢት 1955 ሲከፈት ገና አሰልጣኝ ነበር። ኔይስሚዝም አልተረሳም፤ የሚጫወቱበት ወለል በእሱ ስም ነው የሚጠራው።

ቢንያም ኬ

ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን ካንሳስን ትንሽ አታጋንኑት። ዩሲኤልኤ (የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ) 11 የኤንሲኤኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና፣ ዋንጫ አለው፤ አስሩን በአሰልጣኙ በጆን ውደን ዘመን ብቻ ነው የወሰደው። ካንሳስ አራት ነው ያለው፦ 1952፣ 1988፣ 2008፣ 2022። በቃ። ደግሞ የ2018ቱ ጉዳይ አለ። በተጫዋች ምልመላ ጥሰት የዚያ ዓመት 15 ድል ተሰርዟል፣ እስከ መጨረሻው አራት የደረሱበትም ጭምር።

ሎውረንስ 2008

ቢንያም፣ ቁጥሩ ልክ ነው። የ2018ቱም ልክ ነው፤ ቡድኑን የምንወድ ሰዎች ልንሸፋፍነው አይገባም። ዋንጫ ብቻ ከቆጠርን ዩሲኤልኤ ይበልጣል፤ አልከራከርም። እኔ ካንሳስን የምወደው ግን በሌላ ነው።

ማስተርሴን የሠራሁት እዚያ ነው፤ በ2008 ጨረስኩ። ማታ ማታ ጨዋታ ሲያልቅ አዳራሹን ከሚያጸዱት አንዱ ነበርኩ። ተጋጣሚው ቡድን ሲተዋወቅ ተማሪው ጋዜጣ ገልጦ ያነባል፣ ቀና ብሎም አያይ። የካንሳስ ልጆች ስም ሲጠራ ያ ሁሉ ጋዜጣ ይቦጫጨቅና ወደ ላይ ይበተናል። ከታች ሲያዩት በረዶ የጣለ ነው የሚመስለው። በኋላ ያ ወረቀት ከፈንዲሻና ከፈሰሰ ለስላሳ ጋር ወንበር ስር ይጣበቃል። መጥረጊያ አያነሳውም። ተንበርክከን በጥፍራችን ነበር የምንልጠው።

አንድ ሌሊት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት "እዚህ ተምሮ፣ ጨዋታውን ከፈጠረው ሰው አፍ ሰምቶ፣ እዚህ ያልተጫወተ ሰው ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ጆን ማክሌንደን ነው አለኝ።

ማክሌንደን በ1930ዎቹ ካንሳስ የስፖርት ትምህርት ክፍል ገባ። ጥቁር ስለሆነ ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መሰለፍ አይፈቀድለትም። በአሰልጣኝነት ዘመኑ ብዙ የተሸነፈው ኔይስሚዝ ግን አማካሪው ሆኖ ያወቀውን ሁሉ አስተማረው። በ1936 ተመረቀ። ሰሜን ካሮላይና ሄዶ የጥቁሮች ኮሌጅ ሲያሰለጥን ልጆቹን ያለ እረፍት ያስሮጥ ነበር። ኳሷን እንደያዙ ወደ ፊት መሮጥ፣ ሲነጠቁ እዚያው ተጋጣሚው ሜዳ ላይ መጫን። ዛሬ ሁሉም የሚጫወተው ፈጣን ጨዋታ ብዙው ከእሱ ነው የመጣው።

በመጋቢት 1944 አንድ እሁድ ጠዋት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ የዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሆኑ ነጮች በድብቅ ወደ እሱ ጂም መጡ። ጥቁርና ነጭ አብሮ መጫወት በዚያ ግዛት ክልክል ነበር። በሩ ተቆለፈ። የማክሌንደን ቡድን 88 ለ 44 አሸነፈ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ተደባልቀው፣ ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን ሆነው ደግመው ተጫወቱ። በኋላም ቴነሲ ኤ ኤንድ አይ የሚባለውን ኮሌጅ ይዞ ከ1957 እስከ 1959 ሦስት ዓመት ተከታታይ የኤንኤአይኤ (የሌላኛው የኮሌጆች ማኅበር) ዋንጫ ወስዷል።

ሽማግሌው ይሄን ሲነግረኝ እጄ ላይ እርጥብ ጋዜጣ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እኔ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ልቤ እገባለሁ እወጣለሁ። ማክሌንደን ግን በትምህርት ቤቱ ማሊያ አንድ ቀን እንኳ አልተሰለፈም። ለካንሳስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ላቫነስ ስኳየርስ የተሰለፈው በ1951 ነው።

በሌላ በኩል የአለን ተጫዋቾች አሉ። አዶልፍ ራፕ እና ዲን ስሚዝ ሁለቱም ለአለን ተጫውተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው የተማሩት። በኋላ አሰልጣኝ ሆነው ራፕ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲን ይዞ 876 ጨዋታ አሸነፈ፤ ስሚዝ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ይዞ 879። እንግዲህ ኬንታኪም ሰሜን ካሮላይናም ሥረ መሠረታቸውን ብትቆፍሩ የምታገኙት ያንን 60 ጊዜ የተሸነፈ ሰውዬ ነው።

ቢንያም ኬ

የማክሌንደንን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ዊልት ቻምበርሌይን የሚባለው ዝነኛ ተጫዋችስ? እሱን ይዘው እንዴት ዋንጫ አጡ?

ሎውረንስ 2008

ይሄ እስከ ዛሬ ያመኛል። ዊልትን ካንሳስ ያመጣው አለን ነው። በዚያ ዘመን አንደኛ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን አይሰለፍም። ዊልት ተራው ሲደርስ አለን 70 ዓመት ሞላውና በሕጉ መሠረት ጡረታ ወጣ። አንድም ጨዋታ በዋናው ቡድን አላሰለጠነውም። ዊልት በመጀመሪያ ጨዋታው 52 ነጥብ አገባ፣ 31 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ወሰደ።

በ1957 ፍጻሜ ከሰሜን ካሮላይና ጋር ገጠሙ። ሦስት ጭማሪ ሰዓት ተጫውተው 54 ለ 53 ተሸነፉ። በአንድ ነጥብ! ያሸነፋቸው አሰልጣኝ ፍራንክ ማክጓየር በዓመቱ ረዳት አድርጎ የቀጠረው ደግሞ ያንኑ የካንሳስ ልጅ፣ ዲን ስሚዝን ነው።

ዊልት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ወደ ሎውረንስ ድርሽ አላለም። ሰው ተቀይሞብኛል ብሎ ያስብ ነበር። በጥር 1998 ማሊያው ለክብር አዳራሹ ውስጥ ሲሰቀል መጣ፤ የተማሪነት ጃኬቱን ለብሶ። ዩኒቨርሲቲውን አሳፈርኩ ብሎ ለአርባ ዓመት ሲከብደው እንደኖረ ለሕዝቡ ተናገረ። አዳራሹ ቆሞ ተቀበለው። በዓመት ከምናምን ውስጥ አረፈ።

ማህሌት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የማክሌንደንንም ነገርኩት፣ እሱም አያውቅም ነበር። በታኅሣሥ ልጠይቀው ልሄድ ነው። የት ይውሰደኝ?

ሎውረንስ 2008

መጀመሪያ ከአዳራሹ ጎን ወዳለው ደብሩስ ማዕከል ግቡ። ኔይስሚዝ የጻፋቸው 13 ሕጎች፣ ዋናዎቹ ገጾች፣ እዚያ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ ዴቪድ ቡዝ በ2010 በጨረታ በ4.3 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነው ያመጣቸው። በታይፕ የተመታ ሁለት ወረቀት ነው፣ ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ሦስተኛውን ሕግ ፈልጊው፤ ኳስ ይዞ መሮጥ አይቻልም የሚለውን። ከዚያ ሜሞሪያል ፓርክ መካነ መቃብር ሂዱ፤ ኔይስሚዝ እዚያ ነው ያረፈው።

ጨዋታ ካገኛችሁ ደግሞ ጋዜጣ መያዝ እንዳትረሱ። ስትወጡ ግን ከእግራችሁ ስር ያለውን ለቅማችሁ ውጡ፤ እባክሽ።