ግንድ ላይ የነፍሳትን ንዝረት ለመስማት ሞከርኩ፣ እምምም ብቻ ነው የሚለኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ አግዙኝ። አንድ ተክሌ ግንድ ላይ እሾህ የሚመስሉ ትንንሽ ነፍሳት ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ነካ ሲያደርጓቸው ይዘላሉ። እንዲህ ያሉት በአየር ሳይሆን ግንዱን እያንቀጠቀጡ እንደሚነጋገሩ አነበብኩና መስማት አለብኝ አልኩ። ፒዬዞ ገዛሁ፣ ያቺን ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር ሳንቲም የምታክል ክብ ነገር። ሽቦ በየድኩባት፣ ግንዱ ላይ በፕላስተር አሰርኳት፣ ከዚያ በቀጥታ ላፕቶፑ ማይክ ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። የምሰማው እምምም የሚል ነገር ብቻ ነው። ግንዱን በጣቴ ሳሽ ግን ቀጭን "ችች" ይሰማል፣ ስለዚህ ፒዬዞዋ አልሞተችም። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ፣ ምንም። እነሱ ናቸው ዝም ያሉት ወይስ እኔ ነኝ የማልሰማው? ደግሞስ ለምንድነው እንደ ፌንጣ በአየር የማይጮኹት?

የሽቦ ሰው፦
እህቴ፣ ነፍሳቱ ላይ ገና አትፍረጂባቸው። ችግሩ የሰካሽበት ቀዳዳ ነው። ፒዬዞ እንደ ትንሽ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ እንደሚያጠራቅም ዕቃ) ናት፣ ያንቺ ዓይነቷ ብዙ ጊዜ ወደ 20 ናኖፋራድ ትሆናለች። የላፕቶፕ ማይክ መግቢያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ደግሞ ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ነው። 2,000 ኦም ነው ብለን ብናሰላው፣ ከ4,000 ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየሳሳ ይጠፋል። የነፍሳቱ ንግግር ደግሞ አብዛኛው ከ2,000 ሄርዝ በታች ነው። ጣትሽ "ችች" ብቻ የሚለው ለዚህ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ መንገድ ላይ ቀርቷል። የጊታር ድምፅ መቀበያ (ፒካፕ) የሚሰካበት ማጉያ ፈልጊ፣ መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ያኔ ገደቡ ወደ 8 ሄርዝ ይወርዳል። እምምም የሚለው የመብራት መስመሩ 50 ሄርዝ ነው። ሽቦሽን ዙሪያውን በብረት መረብ በተሸፈነ ሽቦ ቀይሪው፣ አሳጥሪው፣ ላፕቶፑንም ቻርጀሩን ነቅለሽ በባትሪ አሠሪው።

ቅጠል አጥኚ፦
የሽቦ ሰው ትክክል ነው፣ ግን አሰራሩም ላይ ችግር አለ። ፒዬዞዋ ከቀጭን ግንድ ጋር ስትወዳደር ከባድ ናት፣ በፕላስተር ስትጠቀልያት ንዝረቱን ታፍነዋለች። ቀጭን መርፌ ግንዱ ላይ ትንሽ ሰክተሽ ፒዬዞዋን መርፌው ላይ አጣብቂ። ነፋስ በጭራሽ እንዳይነካው፣ ቅጠል ሲወዛወዝ ሁሉንም ነገር ይሸፍነዋል። ሌሊቱም አይመችም፣ ሲቀዘቅዝ ይደነዝዛሉ። ሞቅ ሲል ቀን ላይ ሞክሪ።

ለምን በአየር አይጮኹም ላልሽው፦ 200 ሄርዝ ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሞገዱ 1.7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። አንድ ሳንቲሜትር የማትሞላ ፍጡር ያን አየር የምትገፋበት አካል የላትም። ግንዱን ግን በእግሯ ጨብጣዋለች፣ ሆዷን ስታንቀጠቅጥ ግንዱ አብሮ ይታጠፋል፣ ያ መታጠፍ ነው የሚጓዘው። የምትሰማውም በእግሯ ነው፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ንዝረት የሚለይ አካል አላት።

እኔን የማረከኝ ኡምቦኒያ ክራሲኮርኒስ የምትባለው ነች፣ እሷም እሾህ ነው የምትመስለው። እናትየው ልጆቿን ግንድ ላይ አሰልፋ ትጠብቃቸዋለች። ተርብ ሲመጣ ዳር ያለው ልጅ ሰውነቱን ነጠቅ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ያለው ይቀበለዋል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ንዝረቱ በሰልፉ ውስጥ ያልፋል። እናትየው ይሄ ሲደርሳት ትመጣና ተርቡን በክንፏና በእግሯ ታባርረዋለች። አንድ ልጅ ብቻውን ቢንቀጠቀጥ ግን እምብዛም ከቦታዋ አትነሳም፣ የሚያስነሳት የኅብረቱ ጥሪ ነው። ይህን ሬክስ ኮክሮፍት የሚባል ተመራማሪ ነው ያጠናው።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኔ ተክሌ ላይ የሚመጡብኝ ነፍሳት ብዙ ናቸው። በንዝረት ማባረር ይቻላል?

ቅጠል አጥኚ፦
ማባረር ሳይሆን ማደናገር ነው የሚቻለው። ጣሊያን ውስጥ የወይን ተክል በተዘረጋባቸው ሽቦዎች ላይ አንቀጥቃጭ መሣሪያ ያስራሉ። ቅጠል ዘላይ የሚባሉት ተባዮች ወንዱና ሴቷ በንዝረት እየተጠራሩ ነው የሚገናኙት፣ ሁከት ሲገባበት ሳይገናኙ ይቀራሉ። ለቤት ተክል ግን ያን ያህል አይደከምለትም፣ በውሃ እጠቢው።

ንብ አናቢ፦
ልጄ፣ ጆሮሽን ማለማመድ ከፈለግሽ ቀፎ ላይ ጀምሪ። ንቦች ከተከፈሉ በኋላ ማታ ማታ ቀፎው እንጨት ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። መጀመሪያ የወጣችው ወጣት ንግሥት ደረቷን ሰፈፉ ላይ ጫን አድርጋ "ቱ… ቱ ቱ ቱ" ትላለች፣ በመጀመሪያ ረዘም አድርጋ፣ ከዚያ እያሳጠረች። ገና ከክፍላቸው ያልወጡት ሌሎች ንግሥቶች ደግሞ ከውስጥ ወፈር ባለ ድምፅ ይመልሱላታል። በዚያች ቅጽበት ሠራተኞቹ ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ። ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ዛሬም ትንፋሼን ይዤ ነው የማዳምጠው።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ ይሄን ሳነብ ቀፎ አማረኝ። ወደ ጉዳዬ ልመለስ፦ የጊታር ማጉያ ተዋስኩ፣ መርፌ ሰካሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሞከርኩ። እምምሙ ጠፋ። ከአስር ደቂቃ በኋላ "ውርርር" ብሎ ወፈር ያለ ድምፅ መጣ፣ መጨረሻው ላይ "ጠ ጠ ጠ" አለው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ግን በእርግጥ እነሱ ናቸው? ፍሪጅ ቢሆንስ?

የሽቦ ሰው፦
መርፌውን ነፍሳት የሌሉበት ተክል ላይ ስኪው፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ማጉያውን ሳትነኪ። ፍሪጅ ከሆነ እዚያም ይሰማሻል።

ጠያቂ፦
አደረግኩት። ሌላው ተክል ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም። ወደ መጀመሪያው ስመልሰው ብዙም ሳይቆይ "ውርርር" አለ፣ ከዚያ ፋታ፣ ከዚያ በጣም ቀጭንና አጭር ሌላ ድምፅ። ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። በአጉሊ መነፅር ሳይ አንደኛው ከግንዱ ሥር ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ "ውርርር" ሲሰማ ይቆማል፣ ቀጭኑ ሲመለስ ይራመዳል።

ቅጠል አጥኚ፦
ሴቷ መልሳለታለች! ቅርንጫፉ የሚለያይበት ጋ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ እይልኝ። ኔዛራ ቪሪዱላ የሚባለው አረንጓዴ ትኋን መሰል ነፍሳት መገንጠያው ላይ እግሮቹን ለሁለቱ ቅርንጫፎች አካፍሎ ነው መልሱ ከየት እንደመጣ የሚለየው።

ጠያቂ፦
አሁን መገንጠያው ጋ ደርሶ ቆሟል። ቆይ፣ ላየው።