አያቴ ከደመናው ጋር አልዋሃድ አለችኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለፎቶ ውድድር አንድ ቅንብር፣ ማለትም ከተለያዩ ፎቶዎች የተገጣጠመ ምስል፣ እየሠራሁ ነው። አያቴን በመስኮት ብርሃን፣ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ አነሳኋት። ከጀርባዋ ሌላ ቀን ያነሳሁትን ደመናማ ሜዳ አስገባሁ። ሦስት ሌሊት ፎቶሾፕ ላይ ተጥጄ አደርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ተቆርጣ የተለጠፈች ነው የምትመስለው! ጸጉሯን ስንቴ አጸዳሁት። ምን አጥፍቼ ነው?

ጥላ ወዳድ፦
እህቴ፣ ጸጉሩን ተይው። ችግሩ ብርሃኑ ነው። አያትሽ ፊት ላይ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ ፀሐይዋ በቀኝ ናት። ሜዳውን ግራ ቀኝ ገልብጪው፣ በአንድ ክሊክ ያልቃል። ቀጥሎ አድማሱን እዪ። ካሜራሽ በዓይኗ ትክክል ከነበረ፣ አድማሱም በዓይኗ ከፍታ ማለፍ አለበት። አንቺ ደረቷ ላይ አድርገሽዋል። ለዚህ ነው ግዙፍ የመሰለችው። መጨረሻ ላይ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ግሬይን (ፎቶ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚታየውን ነጠብጣብ) ጨምሪ።

አሮጌ ሌንስ፦
ደንቡንስ አንብበሻል? ቅንብር የማይቀበሉ ውድድሮች አሉ። እኔ አንዴ ደመና ከኢንተርኔት አውርጄ ከውድድር ውጪ ተደርጌያለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሮው ፋይሎችሽን (ካሜራው የመዘገባቸውን ያልተነኩ ፋይሎች) እንዳትሰርዢ፤ ፎቶዎቹ የራስሽ ለመሆናቸው ማስረጃ ናቸው። ቅንብር ማጭበርበር ነው የሚልሽ ካለ ደግሞ፣ እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1858 አምስት ኔጋቲቭ አገጣጥሞ አንድ ፎቶ ሠርቷል በይው።

ጠያቂ፦
ገለበጥኩት፣ አድማሱንም ከፍ አደረግኩት። ኧረ ጉድ ነው፣ ሜዳው ላይ ቆመች! ሜዳውም ደመናውም የራሴ ናቸው፤ ደንቡን አሁን ላነብ ነው።